ሁለት ሰው የሚሸከመው ቃሬዛ

ቄስ ወልደ ጊዮርጊስና የእድሩ ዳኛ አያ ካሴ ደጁ ላይ ሲቆሙ ቀጥቃጩ ዋሴ መዶሻውን አላስቀመጠም። በንፋስ መውጫ ሰው ወደ እሱ ቤት የሚመጣው ማረሻ ሲደንዝ ነው።

«የማን ማረሻ ነው?» አለ።

«ማረሻ አልያዝንም» አሉ ካሴ። «እድር ግባ ልንልህ ነው።»

«ምን ፈልጋችሁ ነው?»

ካሴ ሳቁ። ቄሱ ግን አልሳቁም። ባለፈው ክረምት ቆዳ ፋቂው ሲሞት ዘመዶቹ ብቻ ተሸክመውት ሲሄዱ ገበያው መሀል ጭቃው አዳለጣቸው፤ ሬሳው ወደቀ። ከተማው በየደጁ ቆሞ አየ፤ እጁን የዘረጋ አልነበረም። እሁድ ቅዳሴ ሲያልቅ ቄሱ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ወጡና «ያን ሬሳ የጣልነው እኛ ነን» አሉ። ከዚያ በኋላ እድሩ ሕግ አወጣ። ባለእጅ ሁሉ አባል ይሆናል፤ ባለእጅን «ቡዳ» ያለ ሰው አንድ ሸክም እንጨት ለእድሩ ያመጣል።

ዋሴ አላመነም። አባቱ የተቀበረው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ቡዳ ከሰው ጋር ከተቀበረ የሰው ሬሳ ያወጣል ብለው ከልክለውት ነበር። የታመመችው እናቱ አልጣሽ ግን ከመደቧ ላይ ሆና ሁሉንም ሰምታለች።

«ግባ» አለችው እንግዶቹ ሲሄዱ። «አባትህን ጅብ ከሚጮህበት ጣልነው። እኔ ከቅጥሩ ውስጥ ነው የምተኛው። በሰው ትከሻ ነው የምሄደው።»

ስለ እሷ ሲል ገባ።

እንጨቱ ከእድሩ ቤት ጀርባ ይከመር ጀመር። ዋሴ ባለፈ ቁጥር ያየዋል። ክምሩ ሲያድግ «ይኸው፣ አፋቸው መች ተወ» ይላል። ማደጉን ሲያቆም ደግሞ ባሰበት። «አሁን በሹክሹክታ ሆነ ማለት ነው» አለ።

በወሩ ስብሰባ ከሰው እኩል አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። የአዳነ ሚስት ሙሉነሽ ዳቦ ይዛ ስትገባ ቀና ብሎ አያት። እሷም ነጠላዋን ዳቦው ላይ ጣል አደረገች።

«ሙሉነሽ፣ አንድ ሸክም!» አሉ ካሴ።

«ምነው አያ ካሴ! አፌን መቼ ከፈትሁ?»

«እጅሽ ተናገረ።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ዋሴ ማን እንደሳቀ ለየ፤ ማን እንዳልሳቀም ለየ። ቤቱ እንደገባ ወናፉን አስነፋ። ለቃሬዛ ቀለበቶች ቀጠቀጠ፤ በቀለበቶቹ ጠፍር አሳለፈ። ጠፍሩን አንገታቸው ላይ ካጠለቁት እሱና ወንድሙ ገብሬ ብቻቸውን ይችሉታል።

አልጣሽ በኅዳር አንድ ማለዳ ሞተች።

«ለእድሩ ልንገር?» አለ ገብሬ።

«ንገር። እኔ ጠፍሩን ላለስልስ።»

ጥሩምባው ተነፋ። ዋሴ ጠፍሩን አንገቱ ላይ አጥልቆ ደጁ ላይ ቆመ። መንገዱ ጭር ብሏል። ፀሐይ ከጣሪያው በላይ ሆነች። «አላልኩህም?» አለ ወንድሙን። ያን ጊዜ ከታች፣ በገበያው በኩል፣ ነጫጭ ልብስ መታየት ጀመረ።

ካሴ መጀመሪያ ያዩት ሬሳውን ሳይሆን ቃሬዛውን ነበር።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ሁለት ሰው የሚሸከመው ቃሬዛ።»

«ለምን?»

«ባትመጡ ብዬ።»

የካሴ ፊት ጠቆረ። «አንገትህ ላይ ያለውን አውጣ» አሉ። «እኛ የምናውቀው በትከሻ ነው።»

ተሸከሟት። ዋሴ ከኋላ ሆኖ ትከሻ ትከሻቸውን ያይ ነበር። አዳነ በመዳፉና በቃሬዛው እንጨት መሀል ጋቢውን ጠቅልሎ ነበር የያዘው። ሌሎቹ በባዶ እጃቸው ያዙ። ፋቂው የወደቀበት ቦታ ሲደርሱ ማንም ሳያዛቸው እርምጃቸውን ቀነሱ። መቃብሩ የተቆፈረው የቅጥሩ ግንብ ጥግ ነበር። ግን ከውስጥ ነው። ዋሴ ይህን ካየ በኋላ ነው ያለቀሰው።

ማምሻውን ብርድ ወረደ። ካሴ ከእድሩ ክምር እንጨት አስመጡና ድንኳኑ ፊት አነደዱ። አዳነ አንድ ጉማጅ አንስቶ እሳቱ ውስጥ ጨመረ።

«ይቺ የሚስቴ ናት» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«የወይራው የኔ ነው» አለ ሌላው።

ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስተው ፈገግ አሉ። ዋሴ እጁን ለእሳቱ ዘረጋ። ደህና እንጨት ነው፤ ጭስ የለውም። ሙሉነሽ ንፍሮ ይዛ መጣች። ሰፌዱን አልሸፈነችም፤ ፊቷን ግን ወደ ሌላ አዙራ ነው ያቀረበችለት። ቆነጠረ።

ከተዝካሩ በኋላ ካሴ ማረሻ ሊያስመቱ መጡ። ቃሬዛው ከነቀለበቱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

«አሁንም አልፈታኸውም? እናትህን በወግ ቀበርን አይደል?»

«ቀበራችሁ አያ ካሴ። እግዜር ይስጥልኝ» አለ ዋሴ፣ ማረሻውን ወደ እሳቱ እየከተተ። «እኔ ግን ገና አልሞትሁም።»