ከአንድ ቤት አንድ ስም

የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል በሙሉ፣ ቋንቋዋን የማይሰሙት ሳይቀሩ፣ እታለም ነው የሚሏት። ከባለቤቷ ጋር ወደዚህ አገር ከመጣች ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗታል። አስራ ዘጠኙን ያሳለፈችው ምድር ቤት፣ ከትልቁ መተኮሻ ማሽን ጫፍ ቆማ ትኩስ አንሶላ እየተቀበለች ነው።

አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፍ ይይዛል፣ ይወጥራል፣ ተቀራርቦ ያጋጥማል። ከፊት ለፊቷ የምትቆመዋ ሴት ከሌላ አገር የመጣች ናት። ስሟ ለምላስ ቢከብዳት እታለም "ማዶ" ብላ ጠራቻት፤ በዚያው ማዶ ሆና ቀረች። በተሰባበረ የአገሬው ቋንቋ ስለ ልጆቻቸውና ስለ ወገባቸው ሲያወሩ ይውላሉ።

ባለቤቷ የስብሰባ ሰው ነበር። የአገራቸው ልጆች ማኅበር ሲመሠረት ከመሥራቾቹ፣ ለሁለት ሲከፈል ደግሞ ከከፋዮቹ አንዱ እሱ ነው። ዜግነት ካገኙ በኋላ አንድም ምርጫ አምልጦት አያውቅም። እሷም እኩል ዜጋ ብትሆን የምርጫ ጣቢያ ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። የቤታችን ፖለቲካ እሱ ጋ ነው፣ እኔ ጋ ያለው ድስቱ ነው ትል ነበር። በማኅበሩ መዝገብም ቢሆን ከአንድ ቤት የሚጻፈው አንድ ስም ነው፤ እሱም የባል። ሁሉም እንደዚያ ነበር፣ ማንንም አልከነከነም።

ከስምንት ወር በፊት አንድ ጠዋት ጫማውን ሊያጠልቅ ጎንበስ እንዳለ በዚያው ቀረ። ጫማው ዛሬም በሩ ሥር ነው።

የከተማው ምክር ቤት ጎህ ሳይቀድ የሚነሳውን አውቶቡስ ሊያስቀር ነው የተባለው እሱ ካለፈ ከወራት በኋላ ነበር። ያ አውቶቡስ ከቀረ የማለዳ ፈረቃ የለም፤ ማዶና መሰሎቿ ደግሞ ሌላ ፈረቃ አልተሰጣቸውም። ምክር ቤቱ ጉዳዩን እንደገና እንዲያይ የሦስት መቶ ዜጎች ፊርማ ያስፈልጋል። ለፊርማው ላይ ታች የምትለው ማዶ ነበረች። ራሷ ዜግነት ስለሌላት መፈረም አትችልም። ለሌላው ደግሳ እንደማትቀምስ ሴት ነኝ እያለች ትስቃለች። በሁለት ወር ሦስት መቶ አስራ አንድ አሰባሰበች።

ሐሙስ ጠዋት ማዶ አንሶላ ማጠፍ ጀመረች። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ነገሩን አወጣችው። ከወረቀቶቹ አንዱ ላይ የሞተ ሰው ፈርሞ ተገኝቷል። በደንቡ መሠረት የሐሰት ስም የተገኘበት ወረቀት እንዳለ ይሰረዛል፣ በላዩ የነበሩት ሃያ ስሞች ይወድቃሉ፣ የፈረሙትም ዳግመኛ አይፈርሙም። ዘጠኝ ጎደለ። የቀረው ጊዜ እስከ ነገ አስር ሰዓት ነው።

አንሶላው ከእታለም እጅ ወደቀ። ወረቀቱ የመጣላት ቀን የጻፈችው የባለቤቷን ስም ነበር። ማታለል በልቧ አልነበረም። ቤቱ የሚፈርመው በእሱ ስም ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት እንደዚያ ነው የፈረመው። የራሷን መጻፍ ትዝም አላላት።

"እኔ ነኝ" አለች።

ማዶ አልተቆጣችም። አንሶላውን አንስታ ወደ ቆሻሻው ክምር ወረወረችና ሌላ ሳበች።

ከእነ እታለም ወገን ዜግነት ያለው ሁሉ ቀድሞ ፈርሟል። የቀሩት እነዚያ ናቸው። እነዚያ ማለት ማኅበሩ ሲከፈል ወደ ሌላው ወገን የሄዱት፣ በአገር ቤት ፖለቲካ፣ በሰልፍ የማን ሰንደቅ ይቅደም በሚል ከባለቤቷ ጋር ሰላምታ ያቆሙት ናቸው። አውራቸው ፀጉር አስተካካዩ ነው። ሱቁ ከቤቷ ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ ሳለ አስራ አምስት ዓመት በዚያ በኩል አላለፈችም።

ከሥራ ስትወጣ ባዶ የፊርማ ወረቀት ከማዶ ተቀብላ ቀጥ ብላ ወደ ሱቁ ሄደች። ፀጉር አስተካካዩ የአንዱን ሽማግሌ ግማሽ ፊት አረፋ ቀብቶ ነበር። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ወንዶች ጨዋታቸውን አቆሙ። ቁጭ በይ የሚላት ጠፍቶ እንደቆመች ነገሩን ከመጀመሪያው ነገረቻቸው፤ የባሏን ስም መፈረሟንም አልሸሸገችም።

"እሱ ከሞተም በኋላ መፈረሙን አልተወማ" አለ ከአግዳሚው አንዱ። ሳቅ ሲነሳ ፀጉር አስተካካዩ በመስታወቱ ውስጥ ሰውዬውን ገላመጠው።

"ለቀብሩ አልመጣሁም" አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ምላጩን እየጠረገ። "ብመጣ ታስወጪኛለሽ ብዬ ነው።"

"አስወጣህ ነበር።"

አረፋ የተቀባው ሽማግሌ ሳል አለ። ፀጉር አስተካካዩ ራሱን ነቀነቀ።

"ታዲያ ይሄ አውቶቡስ የማን ነው? የእናንተ ነው የእኛ?"

"እንቅልፉን ያልጨረሰ ሁሉ ነው የሚሳፈርበት" አለች። "አረንጓዴ ሻርፕ የምታደርገው የእናንተዋ ጽዳት ሠራተኛ ሁልጊዜ ከጎኔ ነው የምትቀመጠው። ስታንቀላፋ ትከሻዬ ላይ ትወድቃለች። አንድ ቀን እንኳ ደህና አደርሽ ተባብለን አናውቅም።"

"የወንድሜ ሚስት ናት።"

"እንግዲያው እሷንም ጠይቃት።"

ምላጩን አስቀመጠና እጁን አደረቀ። ወረቀቱን ተቀብሎ መጀመሪያ ፈረመ፤ ከዚያ ለአግዳሚው አዞረው። ሳቅ ያስነሳው ሰውዬ የሌለ ስክሪብቶ በኪሱ ሲፈልግ ቆየ፤ በመጨረሻ የጎረቤቱን ተቀብሎ ፈረመ። ሽማግሌውም በአረፋው ፈረመ። እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ስም ጻፈች፤ ፊደሎቹ እንደ ተማሪ ጽሕፈት ተራራቁባት። ሲመሽ አስራ አንድ ስም ሞላ።

በማግስቱ ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን ዘግቶ አብሯት ወደ ምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ሄደ። ጸሐፊዋ ስሞቹን አንድ በአንድ ከመዝገብ ጋር አስተያየች። አንዱ ሌላ ከተማ የተመዘገበ ሆኖ ወደቀ። ሌላኛውም በማዶ ወረቀት ላይ ሁለት ወር ቀድሞ መፈረሙን ረስቶት ኖሮ ወደቀ። ዘጠኝ ቀረ። ጸሐፊዋ ማኅተሟን አሳረፈችና ማክሰኞ ለምክር ቤቱ የሚናገር አንድ ሰው፣ መራጭ የሆነ፣ ይመዝገብ አለች።

ፀጉር አስተካካዩ ጉሮሮውን ጠረገ። መናገር እንደሚወድ የማያውቅ የለም።

"እኔ" አለች እታለም፣ ሳይቀድማት።

ደረጃውን ሲወርዱ ቆም አለ።

"እሁድ ለልቅሶ ብንመጣስ?"

"ስምንት ወር ዘገየህ።"

"ከዘጠኝ ይሻላል።"

ጥቂት አሰበች።

"መጀመሪያ ማክሰኞ ከኋላዬ ተቀመጡ" አለች። "ልቅሶው ይደርሳል።"

ማክሰኞ ፈራሚዎቹ፣ ስማቸው የወደቀው ሁለቱ ሳይቀሩ፣ ከኋላዋ ተቀመጡ። የተሰጣት ሁለት ደቂቃ ነበር፤ አንዱን ሳትጠቀምበት ተመለሰች። ምክር ቤቱ አውቶቡሱን ለአንድ ዓመት አቆየው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን በቀጣዩ ምርጫ የሚመጡት ያዩታል ተባለ። እሁድ ቤቷ ወንበር ጠፋ። ፀጉር አስተካካዩ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ የወንድሙ ሚስት ከእታለም ጎን፣ ሻርፗን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ ስለ ሟቹ ጠየቀቻት።