ከልጅ ልጄ ጋር የተቀጣሁበት ጠዋት

ዛሬ ጠዋት የቤት ሥራ ያልሠሩ ተማሪዎች ከሚቆሙበት ግድግዳ ሥር፣ ከልጅ ልጄ ጎን ቆምኩ።

ምሕረት ሁለተኛ ክፍል ናት። ትናንት የአራት ትምህርት የቤት ሥራ ይዛ መጣች። መክሰሷን ሳትነካ ታለቅስ ጀመር። ደብተሩን ዘጋሁና "ውጪ፣ ተጫወቺ" አልኳት።

እናቷ ተቆጣች። "እማዬ፣ ነገ ያስቆሟታል እኮ!"

"አብሬያት እቆማለሁ።"

መምህርቷ ስታየኝ ደነገጠች። "እማማ፣ እርስዎ እዚህ ምን ያደርጋሉ?"

"የቤት ሥራውን ያስተውኳት እኔ ነኝ። ቅጣቱም የኔ ነው።"

"ታዲያ ልጆቹ በምን ይማሩ?"

ደርግ ብዙ ነገር ወስዶብኛል፤ የሰጠኝ ፊደል ብቻ ነው። የልጆች እናት ሆኜ እዚሁ መናኸሪያ ሰፈር መሠረተ ትምህርት ስገባ፣ አስተማሪያችን ጠመኔውን እያስያዘን፣ "ቤት ስትገቡ ልጅና ምድጃ ይጠብቃችኋል፤ እዚሁ እንጨርሰው" ይለን ነበር። ይህንኑ ነገርኳት። ፊደሉንም እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

(ደርግ እንኳ ያልጫነብኝን በሰባት ዓመት ልጅ ላይ ጫኑት!)

መምህርቷ ወንበር አስመጣችልኝ። "ልጆቹ ሳይቀመጡ አልቀመጥም" አልኩ። ሁሉንም ወደ ክፍል አስገባቻቸው።

ከሰዓት ምሕረት ስትመለስ ቦርሳዋን ከፈትኩ። ዛሬም የአራት ትምህርት የቤት ሥራ አለ።

ነገ ምቹ ጫማ አድርጌ እሄዳለሁ።

እናንተ ቤት ልጆች መቼ ነው የሚጫወቱት? እስቲ ንገሩኝ። አብሮኝ መቆም የሚፈልግ አያት ካለም ይምጣ፤ ግድግዳው ረጅም ነው።