በጠፍር የታሰረ ሞተር

የተቀቀለ ቆዳ ሸተተኝ። ከወገዳ ወጥተን፣ ዳገቱን ጨርሰን፣ ቁልቁለቱን ልንጀምር ስንል ነው። ሽታውን አውቀዋለሁ፤ ጠፍር ፍል ውኃ ሲነካው እንዲያ ነው የሚሸት። ክው አልሁ።

መኪናዋን የሚነዳው ልጄ ነው፤ የሠራትም እሱ። ዱሮ ለእሽቅድምድም የተሠራች፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም የማይቀረው አጭር መኪና ናት። ሞተሯ ሞቶ ስንት ዓመት ዶሮ ሰፍሮባት ኖረ። እሱ ከተገለበጠ የጭነት መኪና የወጣ ሞተር አግኝቶ፣ በሦስት ባህር ዛፍና በሰንሰለት አንጠልጥሎ ከተተላት። አልገጥም ሲለው ቆረጠ፣ በየደ። በግራ በኩል ሞተሩን የሚይዘው ብረት ግን ሳይገኝ ቀረ።

መላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። እኛ ሞፈር ሲሰነጠቅ ጠፍር ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈን በእርጥቡ እንጠመጥምበታለን፤ ሲደርቅ ተኮማትሮ አንቆ ይይዛል። ዘፍዝፌ ሰጠሁት፣ ሞተሩን አሰረበት። በሳምንቱ ድንጋይ ሆነ። ሲረጥብ ተመልሶ እንደሚላላ አውቃለሁ። መኪና ውስጥ ውኃ ይፈላል ብዬ ግን አላሰብሁም። ለካ የትንሿ መኪና ራዲያተር ለዚያ ትልቅ ሞተር አልበቃ ብሎ፣ ዳገቱን ሙሉ ጠፍሩ ላይ ፍል ውኃ ሲረጭ ነበር።

አርብ ገበያ ደርሼ እመጣለሁ ሲል አብሬው የገባሁት፣ እኔ ካለሁ ቀስ ብሎ ይነዳል ብዬ ነው። ከኋላ ጎረቤታችን ቄሱ ተቀምጠዋል።

"ልጄ፣ ይህ መኪና ነው ወፍጮ?" አሉት፣ ጩኸቱ ቢያስመርራቸው።

"ወፍጮ ቢሆንማ አባ፣ እህል ይዘው ይመጡ ነበር።"

"አቁም" አልሁት።

"ምን ሆንሽ እማዬ? ዘይት ነው የሚሸተው።"

"ጠፍሩ ረጥቧል፣ አቁም!"

"መካኒኩ እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?"

አፉን ሳይገጥም ከፊት ጓ አለ። ሞተሩ ዘመም ብሎ የመሪው ዘንግ ላይ ተኛበት። ፍሬን ረገጠ፤ ፍሬኑ የትንሿ መኪና ነው፣ ያን ክብደት አልቻለውም። መንገዱ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ በግራ ገደል ነው። ልጄ መሪውን ወደ ቀኝ ቢጎትት አልዞር አለው።

በቀኝ በኩል የታረሰ ማሳ አየሁ። "ወደ እርሻው!" ብዬ መሪው ላይ ተንጠለጠልሁ። ሁለታችን ስንጎትተው ትንሽ ዞረ፤ ያችው ትንሽ በቃች። ማታውን ዘንቦ ነበርና ጎማዎቹ ጭቃው ውስጥ ሰጠሙ። ቆመች።

ቄሱ ወጥተው አማተቡ፤ ቀጥሎ ማሳውን አዩ። "ሰው አርሶ ጤፍ ይዘራል፤ አንተ መኪና ዘራህ" አሉት።

ልጄ ኮፈኑን ከፈተ። ጠፍሩ እንደ አንጀት ተልፈስፍሶ ተንጠልጥሏል። ብዙ ቆሞ አየው።

"ሲረጥብ ይላላል ብለሽኝ ነበር?"

"አላልሁህም" አልሁት።

እጁን ያዝሁና ጣቶቹን አንድ በአንድ ነካሁ፤ ሁሉም አሉ። ከዚያ ከማሳው ወጥቼ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። እግሬ መሬት ረግጧል፤ ልጄ ፊት ለፊቴ ቆሞ ጭቃውን ይጠርጋል።

"ድነናል" አልሁ፣ እሱም እንዲሰማ። "ተርፈናል።"