ወርዶ የሚያየው ሾፌር

የከባድ መኪና ፍሬን አየሩን ሲለቅ የሚያሰማው ድምፅ አለ፤ «ጭስስ» የሚል፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የዋለ ሰው ሲቀመጥ እንደሚተነፍሰው ያለ። ኮምቦልቻ ውስጥ ቤቴ ከዋናው አስፋልት አጠገብ ስለሆነ በቀን ስንቴ እንደምሰማው አልቆጥረውም። ልጆቼ ለምደውት ጭራሽ አይሰማቸውም። እኔ ግን አንዳንድ ጠዋት ልብስ ሳሰጣ ድምፁ ድንገት ሲመጣ፣ እርጥቡን ልብስ እንደያዝኩ ፈዝዤ እቀራለሁ። ጅዳ ትመጣብኛለች።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ፓስፖርቴ ላይ ግን ሃያ ስድስት ይላል። በእኛ ሰፈር ልጁን ዐረብ አገር ያልላከ ቤት በማይገኝበት ጊዜ ነው የሄድኩት። የገባሁበት ቤት ባለ ሁለት ፎቅ ነው፤ ግንቡ ረጅም፣ መስኮቱ ሁሉ በመጋረጃ የተሸፈነ። ማዳም፣ ባባ እያልኩ የምጠራው ባሏ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላው ወንድ ልጃቸው፣ እና እኔ የማሳድጋት የአራት ዓመት ልጅ ነበሩ። ክፉዎች ነበሩ ብዬ አላማቸውም። ግን ማዳም የምታናግረኝ በትእዛዝ ብቻ ነበር፤ «አምጪ»፣ «ውሰጂ»፣ «ያላ»፤ ቶሎ በይ ማለት ነው። የበሩ ቁልፍ ከእሷ ቦርሳ አይወጣም። ወደ ቤት የምደውለው በወር አንዴ ነው፤ እናቴ አልቅሳ ሳትጨርስ ይቋረጣል። አማርኛ የሚሰማኝ ሰው ስላልነበረ፣ ወላሂ ነው የምልሽ፣ ልብስ ማጠቢያውን ማሽን አወራው ነበር። «እንዴት አደርክ?» እለዋለሁ። እሱም በራሱ ቋንቋ ይንጎራጎራል።

የግቢው በር የሚከፈትልኝ በሳምንት አንድ ጠዋት፣ የውኃ ቦቴው ሲመጣ ብቻ ነበር። ጅዳዎች ቦቴውን «ዋይት» ይሉታል። በዚያ ሰፈር ቧንቧው ብዙ ጊዜ ደረቅ ስለሆነ፣ ቦቴው መጥቶ ከመሬት በታች የተቀበረውን ማጠራቀሚያ ይሞላል። የእኔ ሥራ የማጠራቀሚያውን ክዳን ማንሳትና እስኪሞላ መጠበቅ ነው። ዐባያዬን ደርቤ እወጣለሁ። የናፍጣ ሽታ፣ የሞቀ ጎማ ሽታ፣ ከቱቦው የሚያፈተልከው ውኃ አስፋልቱን ሲነካው የሚነሳው የአቧራ ሽታ፤ እኔን ግን ሽቶ ሽቶ ይለኝ ነበር።

ሾፌሩ ፓኪስታናዊ ሽማግሌ ነበር፤ ጢሙን ሒና ነክቶት የቀላ፣ ጀርባው ትንሽ የጎበጠ። የሁለታችንም ዐረብኛ ስብርብር ያለ ነው። ለዚህ ይሆናል የተግባባነው። እሱ «ቢንቲ»፣ ልጄ ይለኛል፤ እኔ «ዐሚ»፣ አጎቴ እለዋለሁ። ጉለይል የሚባል ሰፈር ውስጥ አሮጌ ሕንፃ ላይ ከሌሎች ሾፌሮች ጋር በአንድ ክፍል እንደሚኖር፣ ልጆቹን ካያቸው አራት ዓመት እንዳለፈው የነገረኝ በጣቱ እየቆጠረና በእጁ ቁመታቸውን እያሳየ ነው። ትንሹን ሲያሳየኝ እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ፤ ከዚያ ትንሽ አሰበና ወደ ወገቡ ከፍ አደረገው።

አንድ ልማድ ነበረው። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ሲወጣ ኋላ ማርሽ መንዳት አለበት። ሞተሩን ካስነሳ በኋላ ግን ሁልጊዜ ይወርዳል፤ መኪናውን አንድ ጊዜ ይዞረዋል፤ ጎንበስ ብሎ በጎማዎቹ መካከል ያያል፤ ከዚያ ተመልሶ ይወጣል። እኔ ከኋላ ቆሜ «ወራ፣ ወራ» እያልኩ እመራዋለሁ፤ ወደ ኋላ ማለት ነው። ይህን ያወቅኩት ከአባቴ ነው። አባቴ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር፤ «ከባድ መኪና ኋላው ዕውር ነው፤ ሰው ዓይን ካልሆነው ምን ያያል?» ይል ነበር። እናታችንም ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር፣ የማንም ይሁን የማን፣ «በሰላም ያግባው» ሳትል አታልፍም። ሽማግሌው እንዴት መምራት እንደተማርኩ ሲጠይቀኝ «አቡይ ሰዋቅ» አልኩት፤ አባቴ ሾፌር ነው። የዚያን ቀን ደስ ያለው ፊቱ አሁንም አለ ዓይኔ ላይ። «እንግዲያው የእኛ ልጅ ነሻ!» አለኝ። እዚያ አገር የማንም ልጅ ነሽ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቱቦው ገና ውኃ እየሰጠ ሳለ ማዳም ከላይ ጠራችኝ። የወንድ ልጇ ቶብ፣ ያ ረጅሙ ነጭ ቀሚሳቸው፣ ይተኮስ፤ ፈተና ረፍዶበታል። በሩን ገርበብ አድርጌ ሮጥኩ። ተኩሼ ሰጠሁት፣ ለብሶ ወረደ። ማዳም «ቀሪውንም ጨርሺ» ብላኝ ገባች።

ብዙም ሳይቆይ ክላክስ ሰማሁ። መጋረጃውን ገለጥኩ። ልጁ መኪናውን ከጋራዡ ሊያወጣ ነው፤ ቦቴው መውጫው ላይ ቆሟል። ሽማግሌው ቱቦውን ጠቅልሎ ጨርሶ ሞተር አስነስቷል፤ ትንሽ ወደ ኋላ ቢል መንገዱ ይከፈታል። ግን እንደ ልማዱ ወረደ። ልጁ ክላክሱን ተጭኖ አለቀቀውም፤ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ያላ! ያላ! ምን ትዞራለህ፣ አንተ ሽማግሌ!» እያለ ይሳደባል። ሽማግሌው በእጁ «ትንሽ ታገስ» አለውና መዞሩን ቀጠለ።

የኋላው ጎማ ጋ ሲደርስ ቆመ። ተንበረከከ። እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ። ሲነሳ ትንሿን ልጅ ታቅፏል። ከመኪናው በሚንጠባጠበው ውኃ የአሻንጉሊቷን ፀጉር እያጠበች፣ ጎማው ሥር ቁጢጥ ብላ ነበር።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። ስደርስ ሽማግሌው ልጅቷን እንዳቀፈ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። እሷ ጢሙን እየነካች ትስቃለች። ማዳም ከኋላዬ ደርሳ ልጇን ከእጁ መንጭቃ ጮኸች። ልጁ ከመኪናው ወርዶ «ሊገድላት ነበር! አያይም ይሄ ሰውዬ!» አለ። ፊቱ እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ ነበር። አሁን ሳስበው ውሸት ሊዋሽ ብሎ ሳይሆን ድንጋጤው ነው ያናገረው።

ሽማግሌው ራሱን አልተከላከለም። «አልሐምዱሊላህ፣ ልጅቷ ደህና ናት» ብቻ አለ።

ስሚኝ፤ እዚያ ቤት በኖርኩበት አንድ ዓመት ከአራት ወር ለማዳም «እሺ» ከማለት ሌላ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። የዚያን ቀን ወጣ።

«ላ፣ አይደለም፣ ማዳም» አልኩ። «በመስኮት አይቻለሁ። መኪናው አልተንቀሳቀሰም። እሱ ወርዶ ባያይ ልጅቷ የለችም። በሩን ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አለች። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞራ «ኸላስ፣ አበቃ፤ ሁለተኛ እዚህ በር እንዳትደርስ» አለችው።

ሽማግሌው ተነስቶ ልብሱን አራገፈ። ወጥቶ መሪውን ያዘ፤ አሁንም ኋላ ማርሽ መሄድ አለበት። ማዳም «ግቢ!» እያለችኝ ሄጄ ከኋላው ቆምኩ። «ወራ፣ ወራ» አልኩት። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ በመስታወቱ አየኝና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ከዚያ ዞረና ሄደ።

ከሰዓት ባባ ሁላችንንም ሰብስቦ ጠየቀ። ደግሜ ያንኑ ተናገርኩ። ልጁ ምንጣፉን እያየ ነበር፤ አባቱ «እውነት ነው?» ሲለው ራሱን ነቀነቀ። ማዳም እኔን ወዳስቀጠረኝ ቢሮ ለመመለስ ፈልጋ ነበር፤ ባባ ከለከለ። እንግዲህ እኔ የተረፍኩት በዚያ ነው። ባባ ሽማግሌውን አስፈልጎ ነበር፤ ሰውየው ግን ማዳም ለድርጅቱ ደውላ ባቀረበችው ቅሬታ ከሥራው ተነስቷል፣ የት እንደሄደ የሚያውቅ የለም አሉት። በምትኩ የመጣው ወጣት ሾፌር ስልኩን ከጆሮው አያነሳም፤ አይወርድም፣ አያይም። ለእኔም ሰላም ብሎኝ አያውቅም። እሱ በመጣ ቁጥር ልጅቷን አቅፌ ከኋላ እቆም ነበር። ከዚያ በኋላ የነበሩት ወራት ከመጀመሪያዎቹ ይልቅ ረዘሙብኝ። ሰላምታ ቀምሶ ማጣት ጭራሽ ካለማወቅ የባሰ ነው።

ረመዳን ሲገባ መካ ሄድን፤ የማዳም እናት ቤታቸው እዚያ ዑተይቢያ የሚባል ሰፈር ነው። መኪናውን የነዳው ልጁ ነው፣ ባባ አጠገቡ። የማፍጠሪያው ሰዓት ስለተቃረበ መንገዱ ሁሉ ይሽቀዳደማል። ከፊታችን አንድ ረጅም ጭነት መኪና ፍሬቻ አብርቶ ወደ እኛ መስመር ሊገባ ይለምናል፤ የሚያስገባው የለም፤ ሁሉም ክላክስ እያደረገ ያልፈዋል። ልጁ ፍጥነቱን ቀነሰ። ከኋላችን ያሉት ጮኹበት። መብራቱን ብልጭ አድርጎ ግባ አለው።

ማዳም «አዛን ሊል ነው እኮ!» አለች።

«ኋላው አይታየውም» አለ ልጁ፣ ሳይዞር።

ጭነት መኪናው ገባ፤ ሾፌሩም በመስኮቱ እጁን አወጣና አመሰገነ። እኔ ከኋላ ወንበር ተንጠራርቼ አየሁ። ወጣት ነበር፤ ጢም የሌለው።

የዚያን ሌሊት አሮጊቷ እናት ከማዳም ጋር ተከራክረው ሐረም፣ ታላቁ መስጊድ፣ ይዘውኝ ሄዱ፤ «መካ መጥታ ካዕባን ሳታይ?» ብለው። ያን ሁሉ ሕዝብ፣ ያን ሁሉ ብርሃን አይቼ አላውቅም። ሰው እየገፋኝ ቆሜ እጄን አነሳሁ። ለእናቴ ዱዓ አደረግኩ፤ ለአባቴ፣ ለወንድሞቼ፣ እያንዳንዳቸውን በስማቸው እየጠራሁ። ከዚያ ሽማግሌው ጋ ስደርስ አፌ ተያዘ። ዓመት ሙሉ ዐሚ እያልኩ፣ ስሙን አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም። እሱም የእኔን አያውቅም።

«ያ ረቢ» አልኩ በአማርኛ፣ «ያን ወርዶ የሚያየውን ሰውዬ፣ አንተ ታውቀዋለህ። በሰላም አግባው።»