የሰፊው ሕዝብ ማሞቂያ ጠፍቷል

ሥራው ልብስ መስፋት፣ ቁመናው መርፌ ነው። ስለዚህ ሰፈሩ «ሰፊው ሕዝብ» ይለዋል። በራሪ ወረቀት ላይ ሰፊው ሕዝብ ሁልጊዜ ይነሳል፣ ይታገላል፣ ያሸንፋል። የኛው ሰፊው ሕዝብ ግን የብርዱ ወራት ሲገባ ከአልጋው ለመነሳት እንኳ ከብርድ ልብሱ ጋር ለረጅም ድርድር ይቀመጣል። ሙያውን የለመደው በር በሌለው ሱቅ፣ በደነዘዘ ጣት ነው። ያኔ መርፌ በወጋው ቁጥር «ሰው ከሆንኩ አንድ ቀን እሞቃለሁ» ይል ነበር። ሰውም ሆነ፤ በር ያለው ሱቅ ከፈተ፣ ሚስት አገባ፣ ሽቦው እንደ ፍም የሚቀላ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገዛ። ከሦስቱ የትኛውን አብልጦ እንደሚወድ ሚስቱ ጠይቃው አታውቅም። መልሱን ስለምትፈራ ነው።

ስለ እሳት የጸና አቋም ነበረው፤ የሚቃጠለው የጎረቤት ቤት ነው። ይህ አቋም በሰፈሩ በሙሉ ድምፅ የጸደቀ ስለሆነ እሱን ብቻ አንወቅስም። የማሞቂያው ገመድ ተልጦ መዳቡ ብቅ ሲል ግን ብቻውን ወቀሳ የሚገባው ሥራ ሠራ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ በመጥራት ፈንታ መርፌ አነሳ፤ የተላጠውን በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልሎ በድርብ ክር ዘመዘመው። ስፌቱ ያምር ነበር፤ ሐቁ ይነገር።

«ናስትሮ የሚባል ነገር አለ እኮ» አለችው ሚስቱ።

«ናስትሮ ይላቀቃል። የኔ ስፌት ተላቅቆ ያውቃል?»

ከዚያ ገመዱ ሰው እንዳያደናቅፍ ተብሎ ምንጣፍ ስር ገባ። እሳት በክብር እንግድነት ቢጠራ እንኳ ከዚህ የተሻለ መስተንግዶ አያገኝም።

አንድ ብርዳማ ጠዋት ሰፊውን ሕዝብ የአንድ ታክሲ ሹፌር የሱፍ ጨርቅ አልደርቅ አለው። ለሱሪ የሚሆን ሱፍ ኋላ እንዳይኮማተር ከመቆረጡ በፊት ይነከራል፤ የተነከረው ደግሞ መድረቅ አለበት። ሚስቱ ወደ ሥራዋ፣ ወደ ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ወጥታለች። አብረዋቸው የሚኖሩት አማቱ ገና መኝታ ክፍል ተኝተዋል። ማሞቂያውን ከሳሎን ተሸክሞ ቁርጥራጭ ጨርቅ ወደሚያከማችባት ጠባብ ጓዳ አስገባው፣ ጨርቁን ፊት ለፊቱ ሰቀለ፣ ገመዱን በምንጣፉ ስር አሳልፎ ሳሎን ካለው ሶኬት ላይ ሰካ፣ ሙቀቱ እንዳያመልጥ ብሎም በሩን ዘጋ። ከዚያ ሥራ ረፈደበትና ወጣ።

ሱቁ ውስጥ ለዚያው ሹፌር ኮት እየለካ፣ አንዱን እጅጌ በስፒል አያይዞ ሌላውን ሊያነሳ ሲል ደርቆ ቀረ። ማሞቂያውን ነቅሎታል? ቤት ውስጥ ያሉት አማቱ ብቻ ናቸው፤ ጉልበታቸው ታማሚ ስለሆነ ደረጃውን ያለ ደጋፊ አይወርዱም። ደወለ።

«እማማ፣ ማሞቂያው ጠፍቷል?»

«ጠፍቷል።»

«በደንብ አይተዋል?»

«ከተነሳሁ ጀምሮ ጠፍቷል አልኩህ። እኔማ ልነግርህ ብዬ...»

«እሰይ፣ ይኸው በቃኝ» ብሎ ዘጋ። እፎይታ የሚሉት ነገር ጆሮ ይደፍናል። ሌላውን እጅጌ እያፏጨ ማያያዝ ሲጀምር ሚስቱ ደወለች።

«ስማ፣ እናቴ ደውላልኝ ነበር፤ በብርድ ልታልቅ ነው። ማሞቂያውን የት አደረግከው?»

«ምን አደርገዋለሁ? ጠፍቷል አሉኝ እኮ።»

«አዎ፣ ጠፍቷል። ለዚህ አይደል የምጠይቅህ?»

ሰፊው ሕዝብ ንቃተ ህሊናው የዳበረው በዚህች ቅጽበት ነው። አማቱ «ጠፍቷል» ያሉት አይበራም ለማለት ሳይሆን የለም ለማለት ነበር። ሊኖር የሚችለው ደግሞ በተዘጋች፣ እስከ ጣሪያዋ ጨርቅ በሞላች ጓዳ ውስጥ ነው። ወደ ቤት መልሶ ደወለ። ስልኩ ጮኸ፣ ጮኸ፣ የሚያነሳ የለም።

ሹፌሩ የሰውየውን ፊት ሲያይ ባለ አንድ እጅጌ ኮቱን እንደለበሰ ታክሲውን አስነሳ።

«ይሄ ነገር ብብቴን ይወጋኛል።»

«ስፒሉ ነው። ንዳው።»

«ቤት ማን አለ?»

«አማቴ። አይወርዱም እኮ ደረጃውን... ንዳው ወንድሜ።»

ሰፊው ሕዝብ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ሹፌሩን አስከትሎ ደረጃውን ወጣና በሩን በርግዶ ገባ። አማቱ ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ ሬዲዮአቸውን የስልኩን ጩኸት እስኪውጥ ድረስ ከፍተው፣ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«ምነው? ሰው ሞተ እንዴ?»

መልስ ሳይሰጥ ጓዳውን ከፈተ። ጭስ የለም። ማሞቂያው እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። የሱፉ ጫፍ ግን ጠቁሯል፤ በዚያ ውብ ስፌት የተጠቀለለው የገመዱ ጨርቅም ተለብልቦ ቡና መስሏል። ገመዱን በእጁ እየዳበሰ፣ ምንጣፉን እየገለጠ ተከተለው። ስፒናው መሬት ላይ ወድቋል፤ ሶኬቱ ላይ የተሰካው ሬዲዮው ነው።

«ማነው የነቀለው?»

«እኔ ነኛ። ዜና ሊያመልጠኝ ነው? ደግሞ ጨርቅ የለበሰ ገመድ ሳይ የስፌት ማሽንህ መስሎኝ።»

እዚያው ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። የአማቱን እግር ይዞ መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ ግን እንባ ነበረው። እሳቸው ግራ ገብቷቸው ራሱን ዳበሱት። «ብርዱ ነው» አሉ ለሹፌሩ፣ «አናቱ ላይ ወጥቶበት ነው።»

«እማማ አልዋሹም እኮ» አለ ሹፌሩ። «ጠፍቷል አሉ፤ በሁለቱም በኩል ጠፍቷል።» ከዚያ ወደ ጓዳው ብቅ ብሎ የጠቆረውን ጨርቅ አነሳ። «ይሄ የኔ ሱሪ ነው?»

«ገና ሱሪ አልሆነም።»

«እንግዲህ ቁምጣ ይሁን።»

ሚስቱ ከሥራ ስትመለስ ነገሩን ሰማች። እናቷን ሳመች፣ ከዚያ የባሏን ትልቁን መቀስ አምጥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። በሕይወቱ ካማሩት ስፌቶች አንዱን ራሱ ከመሀል ቆረጠው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተጠርቶ አዲስ ገመድ ገባ፤ ምንጣፉም ከዚያ ወዲህ የሚሸሽገው አቧራ ብቻ ነው። ማሞቂያው ሰው በተቀመጠበት ክፍል፣ ከጨርቅ ርቆ ይበራል። እርጥብ ልብስ፣ ብርድም ቢሆን፣ የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ ቀስ ብሎ ይደርቃል።

«ጠፍቷል» የሚለው ቃል ደግሞ ከዚያ ቤት ተባሯል። ሰፊው ሕዝብ አሁንም ከሱቅ ይደውላል፤ ልማድ ሆኖበታል።

«እማማ፣ ማሞቂያው?»

«ተነቅሏል።»

«ካውያውስ?»

«ተነቅሏል። እዚህ ቤት ያልተነቀልነው እኔና ሬዲዮው ብቻ ነን። ሥራህን ሥራ።»