የእባብ እግር

ከጉብሬ ወደ ወልቂጤ በሚሄደው ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ የዘበኛ ዩኒፎርም ለብሷል። ኮሌታው ስለነተበ ተገልብጦ ተሰፍቷል፤ ጫማው ግን እንደ ሙሽራ ጫማ ያበራል። ደብተር ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በቻይንኛ ያነበንባል።

«ምን እያልክ ነው ልጄ?» አልኩት።

«የቻይኖች አባባል ነው እማማ። በውድድር ከሁሉ ቀድሞ እባብ ስሎ የጨረሰ ሰው፣ ጊዜ ተረፈኝ ብሎ እግር ጨመረበትና ሽልማቱን አጣ። ያለቀ ነገር ላይ እየጨመሩ ሲያበላሹ ይባላል። ዛሬ መንገድ የሚሠሩት ቻይኖች ይፈትኑኛል፤ ካለፍኩ አስተርጓሚ እሆናለሁ።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሦስተኛዬ ነው፤ ሚስቴ አታውቅም። ሁለቱንም ጊዜ መልሱን እያወቅሁት ወሬ አብዝቼ ነው የወደቅሁት።»

ሟች ባለቤቴም እንዲሁ ነበር። ሽምግልና ሄዶ፣ ልጅቷን ሰጥተናል ካሉትም በኋላ ልመናውን አያቆምም።

መናኸሪያ ስንደርስ ኮፍያውን አውልቆ ጎንበስ አለልኝ። «ይመርቁኝ እማማ።»

«ይቅናህ ልጄ» አልኩት፤ ትምህርቱ ገብቶኛላ።

እሱ ግን አንገቱን አላቀናም። ከኋላ «ጋሼ፣ ውረድ እንጂ!» ይላሉ።

«ይቺው ብቻ?» አለኝ ቅር ብሎት። «ምነው እማማ፣ ትንሽ ይጨምሩበት እንጂ!»