በካዎውና በፊታውራሪው መካከል

አባቴ አንጁሎ፣ ፉሪ ሰፈር ቤት ሠርቶ ሲገባ ከአጥሩ ማዶ ጋሽ አምሐ ይኖሩ ነበር። አባቴ ሸማኔ ነው፤ ጋሽ አምሐ ጡረታ የወጡ መካኒክ። በቆርቆሮው አጥር ላይ ትንሽ በር ከፍተው ሳያንኳኩ ይገባባሉ። አባቴ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ከጋሽ አምሐ ቤት አንድ ጉርሻ አልቀመሰም። ውኃ እንኳ አይጠጣም። "አሁን በልቼ መምጣቴ ነው" ይላል ሁልጊዜ።

ጋሽ አምሐ ምክንያቱን የሚያውቁ ይመስላቸው ነበር። የምኒልክ ጦር ወደ ጋሞ ተራሮች ሲወጣ ቅድመ አያታቸው ፊታውራሪ ወሰኔ አንዱን ክፍል መርተዋል። ያን ተራራ ይዞ የተዋጋቸው ደግሞ የአባቴ ቅድመ አያት ካዎ ዎልባ ነው። ካዎ ማለት በእኛ አገር ንጉሥ ነው።

"አንተ ቂመኛ፣ የመቶ ዓመቱን ነገር ዛሬም ከወጥ ጋር ታማስላለህ" ይሉታል።

"ድስቱንም ማማሰያውንም ወስዳችሁት የለ? በምን ላማስል?" ይላል አባቴ። ተሳስቀው ያልፉታል።

እናቴ ከሞተች በኋላ ቀልዱ ቀረ። የጋሽ አምሐ ባለቤት እትዬ ውብነሽም ካረፉ ቆይተዋል። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ከምሠራበት ሱቅ ስመለስ ሁለቱ ሽማግሌዎች ከአጥሩ ግራና ቀኝ፣ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ራት ቀርቦላቸው አገኛቸዋለሁ። አባቴ መክሳት ጀመረ። አንድ ምሽት ጋሽ አምሐ ሽሮ በሳህን ይዘው ገቡ።

"ዛሬ ካልበላህ ይህን በር በሚስማር እመታዋለሁ" አሉ።

አባቴ ሳህኑን በእጁ መለሰው። ከዚያ "ቂም አይደለም። የናንተ ደም አለብን" አለ።

በአባቴ ወገን ከልጅ ልጅ የወረደው ታሪክ ሌላ ነበር። ካዎ ዎልባ ፊታውራሪውን እንታረቅ ብሎ ጠርቷቸው፣ በተቀመጡበት በጦር ወጋቸው። በእኛ ልማድ የገዳይ ዘርና የሟች ዘር ሽማግሌ ሳያስታርቃቸው አብረው ከበሉ ጎሜ፣ የተከለከለ ነገር ነው፤ መዘዙ ለሁለቱም ቤት ይተርፋል።

ጋሽ አምሐ ሳህኑን እንደያዙ ቆሙ። "እኛ ቤት እኮ በወባ ሞቱ ነው የሚባለው። ሲመለሱ፣ ቆላ ላይ።"

"ደግ ስለሆንክ ነው እንዲህ የምትለው።"

"እኔ የጠላኸኝ መስሎኝ ነው የኖርኩት፣ አንጁሎ።"

"አባ፣ ፓስተሩ በኢየሱስ ደም ነጽተሃል ብሎህ የለ?" አልኩት።

"አሜን። ከእግዚአብሔር ጋር ታርቄያለሁ። ከአምሐ ጋር ነው የቀረኝ።"

ሽማግሌዎች እንዲመጡ ሽሮ ሜዳ ላሉ የጋሞ ሰዎች ተደወለ። ለእሑድ ተቀጠረ። አባቴ ከስንት ወር በኋላ ፀጉሩን ተስተካከለ፤ ጋሽ አምሐ በግ ገዝተው ጓሮ አሰሩ። ዓርብ ጠዋት አባቴ ከአልጋው አልተነሣም።

ለእርቅ የተጠሩት ሽማግሌዎች ለቀብር መጡ። ከቀብር ስንመለስ ታላቃቸው አቶ ዳርዛ ወደ እኔ ዞሩ።

"ይህ ነገር ከሟች ጋር አይቀበርም። ከእንግዲህ ያንቺ ነው። እንጨርሰው?"

ጋሽ አምሐን አየኋቸው። "እኔ ከእሱ ጋር ነበር መብላት የፈለግኩት" አሉ፤ ለማንም ሳይሆን።

እንጨርሰው አልኩ።

ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው፣ በለቅሶው ድንኳን ውስጥ በመካከላችን ቆሙ። ጦሩም ወባውም ተነገረ። አቶ ዳርዛ የትኛው እውነት እንደሆነ አልፈረዱም፤ "እንዴት እንደሞቱ እዚህ ያለ ሰው አላየም። ልጆቻቸው ግን እዚህ አሉ" ብቻ አሉ። ከዚያ ለሁለታችን አንድ ሳህን ቀረበ፤ ከእርቁ ሳህን ከሁለቱ ዘር በቀር ማንም አይበላም።

ጋሽ አምሐ አንድ ጊዜ ጎረሱ። ማላመጥ አቃታቸውና ሳህኑን ወደ እኔ ገፉት።

"ብዪ ልጄ፣ አንቺ ብዪ" አሉኝ።

በድንኳኑ ውስጥ ብዙ ሰው ነበር። ወደ እኛ ሳህን ግን ማንም አልቀረበም፤ ደንቡ ስለማይፈቅድ ብቻዬን በላሁ።